የቤተ ክርስቲያናችን ሣርና የእኔ ማክሰኞዎች

መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ደብረ ዘይት

ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ነበር። አጀንዳው ሦስት ነው፤ የሚያፈሰው ጣሪያ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ክፍልና ሣሩ። ጣሪያው 10 ደቂቃ ወሰደ። ሣሩ አንድ ሰዓት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሰሜን 40 ደቂቃ የሚያስነዳ ቦታ ላይ፣ 7 ኤከር ግቢ ያለው አሮጌ ቸርች ገዛን። ሕንፃውን ስናይ ሁላችንም አለቀስን። ሣሩን ልብ ያለው አልነበረም። ከግቢው ጋር የመጣችው አሮጌ ባለመሪ ማጨጃ ባለፈው ጥቅምት ነፍሷ ወጣች። ቺንጋዋ ተበጠሰ፣ ቀየርኩ። ኩሽኔታዋ ሄደ፣ ቀየርኩ። ሞተሯ ሰማያዊ ጭስ መትፋት ሲጀምር ግን ተውኳት።

በኮንትራት የሚያጭድ ሰው ጠይቀን ነበር። ለአንድ ጊዜ 350 ዶላር አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ሣር ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ጥቅምት ያድጋል። በዓመት 28 ጊዜ ቢያጭድልን 9,800 ዶላር ነው። ገንዘብ ያዣችን ቁጥሩን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «7,000 አለን። ማሽኑን እንግዛ። ከዚያ አንድ ሳንቲም አያልፍም» አሉ።

እኔ ሆቴል ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ስለሆንኩ «አንተ ታውቃለህ» ተባልኩ። ሆቴሉ ሣር የለውም። ማንም አልጠየቀኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ እሠራለሁ ስል አባታችን ቀና ብለው «ቀዳሚት ሰንበት ናት ልጄ» አሉኝ። እሑድ የማይታሰብ ነው። የእረፍት ቀኔ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ተባለ።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ሱቅ ከመሄዴ በፊት ግቢውን ለካሁ። 7 ኤከር ይባላል እንጂ የሚታጨደው ስንት ነው? በስልኬ የሳተላይት ካርታ ላይ ዙሪያውን ነጥብ በነጥብ ከፋፈልኩት። ሕንፃውና የመኪና ማቆሚያው አንድ ኤከር በልተዋል። ከኋላ ያለው ጫካ አንድ ተኩል ገደማ ነው። የጎርፍ ማጠራቀሚያው ጉድጓድ ከነተዳፋቱ ግማሽ። የቀረው 4 ኤከር ሣር ነው።

አንድ ኤከር 4,047 ካሬ ሜትር ነው። በእኛ አገር አለካክ አንድ ጥማድን ሩብ ሄክታር ካልን፣ 4 ኤከር ስድስት ጥማድ ተኩል ያህል ይሆናል። አባቴ ስምንት ልጅ ያሳደገው በአራት ጥማድ ነው። እኔ ለማይበላ ሣር ስድስት ተኩል ጥማድ ልንከባከብ ነው። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ከብት የላችሁም?» አለችኝ። የለንም። «ታዲያ ለምን ታበቅሉታላችሁ?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ከፊት ለፊት 23 ዛፍ ቆጠርኩ። ወደ ኋላው ሜዳ የሚያስገባው የአጥር በር በትክክል 60 ኢንች ነው። ይህን ቁጥር በመዳፌ ላይ ጻፍኩት። ኋላ ላይ ከሁሉም የጠቀመኝ እሱ ሆነ።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ዛሬ ተዳፋቱን ለካሁ። ረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ መሬት ላይ አስተኝቼ ስልኬን አስቀመጥኩበት። ስልኩ ውስጥ ያለው ውሃ ልክ ዲግሪውን ይነግራል። ዋናው ሜዳ ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ነው። ከኋላ ያለችው ኮረብታ 11። የጎርፍ ማጠራቀሚያው ዳር 19፣ አንድ ቦታ ላይ 21።

ለምን ይህን ያህል ተጨነቅሁ? ልንገዛ ያሰብነው፣ ተቀምጠው የሚነዱት ዜሮ ተርን የሚባለው ማጨጃ መሪ የለውም። በመሪ ፈንታ ሁለት እጀታዎች አሉት። የግራው እጀታ የግራውን የኋላ ጎማ፣ የቀኙ የቀኙን ለብቻው ያዝዛል። እያንዳንዱ ጎማ የራሱ የዘይት ፓምፕና የራሱ ሞተር አለው። ሁለቱንም ወደ ፊት ከገፋህ ይሄዳል። ሁለቱንም ከሳብክ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንዱን ገፍተህ ሌላውን ስትስብ ባለበት እንደ እንዝርት ይሾራል። ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። ለገበያ ያበቃው በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ካንሳስ ውስጥ የነበረ ጆን ሬጊር የሚባል ሰው ነው ይላሉ። ዛሬ ሀስለር በሚል ስም የሚሸጡት ማሽኖች ከዚያ የተነሡ ናቸው።

የፊት ጎማዎቹ ግን የሱፐርማርኬት ጋሪ ጎማ ናቸው በለው። ወደ ተወሰዱበት ይዞራሉ እንጂ አይመሩም። እንግዲህ ተዳፋት ላይ የኋላ ጎማ ከተንሸራተተ መሪም ፍሬንም አብረው ሄዱ ማለት ነው። መኪና ላይ ፍሬን ቢከዳህ ቢያንስ መሪ ይዘሃል። እዚህ ሁለቱም አንድ ነገር ናቸው። ለዚህ ነው ብዙዎቹ አምራቾች ከ15 ዲግሪ በላይ አትውጡ የሚሉት፤ አንዳንዱ እንዲያውም 10 ላይ ያቆማል። ውሃ ዳር፣ ገደል ዳርና ከድጋፍ ግንብ አጠገብማ ጨርሶ አይኬድም።

ስለዚህ የጎርፍ ማጠራቀሚያው ዳር ከዝርዝሩ ወጣ። ማንኛውንም ብንገዛ እሱን አይነካም። ይህን ለኮሚቴው ጽፌ ላክሁ። አንድ ሰው ብቻ አውራ ጣት መለሰልኝ።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

ሱቅ ዞርኩ። መጀመሪያ እንጨትም፣ አምፖልም፣ ማጨጃም የሚሸጥ ትልቅ መደብር። ሻጩ ወጣት የሚያወራው ስለ ፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። «23 ነው፣ 24 ነው» ይላል። እኔ አጎንብሼ ከሥር አየሁ። ሳቀብኝ።

ከሥር ያለውን ሁሉም ዴክ ይሉታል፤ ቢላዎቹን የሚከድነው የብረት ሳጥን ነው። ርካሾቹ ላይ ከአንድ ላሜራ ተጨፍልቆ የወጣ ነው፤ እንደ ድስት ክዳን። ጠንካሮቹ ላይ ወፍራም ብረት ተቆርጦ በብየዳ የተገጣጠመ ነው። የብረቱን ውፍረት በጌጅ ይናገራሉ። ጌጅ ሲያንስ ብረቱ ይወፍራል፤ 10 ጌጅ 3.4 ሚሊ ሜትር፣ 7 ጌጅ 4.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እኛ ግቢ ውስጥ የዛፍ ሥርና ድንጋይ ስላለ ላሜራው አያዛልቅም።

ሁለተኛው ነገር የጎማው ማስተላለፊያ ነው። ብዙዎቹ ማሽኖች ላይ ሃይድሮ-ጊር የሚል ስም ታያለህ። ስሙ አንድ ቢሆንም ዓይነቱ ብዙ ነው። ትንሹ ለቤት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ከውጭ የሚቀየር ፊልትሮ የለውም። ከፍ ያለው ፊልትሮ አለው፣ ዘይቱን ቀይረህ ዕድሜውን ታስረዝማለህ። ሞተር ሲሞት ሌላ ሞተር ይገጠማል። ማስተላለፊያው ሲሞትም መለወጫው ውድ ነው። ሻጩ ይህን ስጠይቀው ወረቀት ሊያመጣ ሄደ። አልተመለሰም።

ሦስተኛው ዋስትናው ነው። እዚህ ላይ ልቤ ወደቀ። 3,300 ዶላር የሚለው ባለ 42 ኢንች ማሽን (ኢንቹ የሚያጭደው ስፋት ነው) የብዙ ዓመት ዋስትና አለው። ትንንሹን ጽሑፍ ሳነብ «ለግል መኖሪያ ቤት» ይላል። እኛ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ነን። እንዲህ ያለ ማሽን ከመኖሪያ ቤት ውጭ ሲሠራበት ዋስትናው ያጥራል፣ ወይም ጭራሹን ይጠፋል። «ማን ያውቃል?» አለኝ አብሮኝ የነበረው ዲያቆን። ደረሰኙ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ስም ይጻፋል፤ ያውም የሽያጭ ግብር ነፃ የሚያደርገን ወረቀት አብሮ ይያያዛል። ሜሪላንድ 6 በመቶ ነው የምታስከፍለው፤ እሱን መተው አንችልም። ዲያቆኑ ዝም አለ።

ማታ ቁጭ ብዬ ሒሳብ ሠራሁ። ፍጥነቱን በማይል፣ ስፋቱን በኢንች አባዝተህ ለ99 ስታካፍል በሰዓት ስንት ኤከር እንደሚታጨድ ይወጣል። ከዚያ አንድ አምስተኛውን ለመዞሪያና ለመደራረቢያ ትቀንሳለህ። በ5 ማይል፣ ማለትም በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ብንሄድ፣ 4 ኤከር በ42 ኢንች 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል። በ52 ኢንች አንድ ሰዓት ከ55። በ60 ኢንች አንድ ሰዓት ከ40።

ከ42 ወደ 52 ስንሄድ 25 ደቂቃ እናተርፋለን። ከ52 ወደ 60 ስንሄድ 15 ብቻ። ባለ 60ው ደግሞ ሣር መትፊያ ክንፉን ብታነሣለትም በ60 ኢንች በር አያልፍም። በሩን ለማስፋት አጥር ማፍረስ አለብን። ለ15 ደቂቃ ብዬ አጥር አላፈርስም።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ፣ ሰሞነ ሕማማት

ከስግደት በፊት አንድ ያገለገለ ማሽን ለማየት ፔንሲልቬንያ ድንበር ድረስ ነዳሁ። ሣር አጫጅ የነበረ ሰው ሥራ ሊቀይር ነው። 5,200 ዶላር። ባለ 52 ኢንች፣ ጠንካራ የሥራ ማሽን። ሰዓት ቆጣሪው 1,140 ይላል።

አንድ ነገር ቀድሜ ለምኜው ነበር፤ ሳልደርስ ሞተሩን እንዳያስነሣ። ስደርስ ሞቆ ጠበቀኝ። ሞተሩን በእጄ ስነካው አቃጠለኝ። ለምን ቀድሞ እንዳሞቀው ገባኝ፤ ቀዝቅዞ ለመነሣት የሚያስቸግር ሞተር ሲሞቅ አመሉን ይደብቃል። እሱም እንደገባኝ ገባው።

ቢሆንም ፈተሽኩት። ሞተሩን አጥፍቼ ቁልፉን ነቅዬ፣ ጓንት አድርጌ ቢላዎቹን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቅሁ። መሃለኛው ይንቀጠቀጣል፤ ኩሽኔታ። ዴክ ላይ ሁለት ቦታ የተበየደ ስንጥቅ አለ። አስነሥቼ አስፋልት ላይ ሁለቱንም እጀታ እኩል ስገፋ ወደ ግራ ይጎትታል። ይህ አንዳንዴ በማስተካከያ ቡሎን ይድናል። ኮረብታ ላይ ስወጣ ግን የግራው ፓምፕ ማልቀስ ጀመረ። እሱ በቡሎን አይድንም። አመስግኜ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት መንዳት፣ በባዶ ሆድ።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ፋሲካ አለፈ። ሣሩ ግን አልጾመም። እዚህ አካባቢ ያለው ሣር በብዛት ፌስኪው የሚባለው ነው፤ ብርድ ይወዳል፣ ጸደይ ላይ ያብዳል። ደንቡ ከ3 እስከ 4 ኢንች አድርጎ መተው፣ በአንድ ጊዜም ከቁመቱ አንድ ሦስተኛ በላይ አለመቁረጥ ነው። የእኛው ጉልበት ላይ ደርሷል። የልደት ፎቶ ለመነሣት የመጣ ልጅ ጫማው ጠፋ።

ጎረቤታችን ሽማግሌ ፈረንጅ ናቸው፤ በቆሎ ያመርታሉ። በትራክተራቸው መጥተው በአንድ ሰዓት ተኩል ከፍ አድርገው አጨዱልን። ገንዘብ አልቀበልም አሉ። አንዲት እናት ድፎ ዳቦ ይዘውላቸው ሄዱ። በማግሥቱ ዳቦው የሚሸጥበትን ሱቅ ጠየቁን።

ስለ ዜሮ ተርን ስጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሥራው ፈጣን ነው» አሉ። «ግን ሲበላሽ ማን ይሠራልሃል? መጀመሪያ እሱን ፈልግ፣ ከዚያ እሱ የሚሸጠውን ግዛ።»

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

እንዳሉት አደረግሁ። ከእኛ 12 ደቂቃ ርቆ አባትና ልጅ የሚሠሩበት የማጨጃ መሸጫና ጥገና አለ። ጋራዡ ውስጥ የተፈቱ ማሽኖች አሉ፤ መልካም ምልክት ነው። ለቺንጋና ለቢላ መጠበቅ የለብህም፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ከኋላ ባለው ሜዳቸው ላይ እንድነዳ ፈቀዱልኝ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች እንደ ሰከረ በሬ ሄድኩ። እጀታዎቹ ትንሽ ሲነኩ ብዙ ይሰማሉ። ሚስጥሩ ክንድን ማሳረፍና በጣት መግፋት ነው። ከዚያ ለመኩራራት አንዱን እጀታ ብቻ ገፍቼ አሾርኩት። የውስጠኛው ጎማ ቆሞ ሣሩን እንደ ምንጣፍ ጠቀለለው። ባለቤቱ ምንም አላሉም። ልጃቸው መጥቶ አሳየኝ፤ ሁለቱም ጎማ ሁልጊዜ እየተንቀሳቀሰ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ በሦስት ደረጃ መዞር። ዜሮ ተርን ገዝተህ ዜሮ ላይ አትዞርም፤ ግርም የሚል ነገር ነው።

ዓይኔ ያረፈበት ባለ 52 ኢንች ነው። ባለ 10 ጌጅ ብየዳ ዴክ፣ የካዋሳኪ ሞተር፣ ባለ ፊልትሮ ማስተላለፊያ፣ ወደ ኋላ የሚታጠፍ የመገልበጫ መከላከያ ቀስት ከነቀበቶው። አዲሱ 8,400። ለደንበኛ ማሳያ ሲነዳ የከረመውና 31 ሰዓት የሠራው ያለፈው ዓመት ምርት 6,900። ዋስትናው ለተቋምም ይሠራል፤ በጽሑፍ አሳዩኝ። ስሙን ብጽፍ ማስታወቂያ ይሆንብኛል።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ ማታ፣ ስብሰባ በስልክ

ሰብሳቢያችን ትልቁን 60 ኢንች ይፈልጋሉ። «አንዴ ነው የምንገዛው» ይላሉ። ገንዘብ ያዡ ርካሹን 42 ይፈልጋሉ። አንድ ወጣት በባትሪ የሚሠራ ይሁን አለ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ድምፁ ዝቅተኛ ነው፣ ዘይት የለውም። ግን በአንድ ሙሌት 4 ኤከር የሚጨርሰው ከበጀታችን በላይ ነው። አንድ አባት ደግሞ በግ ይገዛ አሉ። «ሣሩን ይበላል፣ ለፋሲካ እንበላዋለን።» በቃለ ጉባኤ ላይ የሚጻፍ ከሆነ፣ ከሁሉም የተሻለ ድምፅ ያገኘው እሱ ነበር።

እኔ በሩን ተናገርኩ። 60 ኢንች። ዝምታ ሆነ። ከዚያ 15 ደቂቃውን። ከዚያ የ12 ደቂቃውን ጋራዥ። 6,900ው በ100 ዶላር ትርፍ ጸደቀ። ገንዘብ ያዡ በ100ው ቤንዚንና ጀሪካን ግዛ አሉኝ።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

የመጀመሪያው ቀን። በሒሳቤ አንድ ሰዓት ከ55 ነበር። በእውኑ 2 ሰዓት ከ50 ፈጀ፤ ቤንዚን ሦስት ጋሎን ተኩል ያህል። 23ቱ ዛፍ ሒሳብ ውስጥ አልገባም ነበር። ግን ለዛፍ ዙሪያ እንደዚህ ያለ ማሽን የለም። ግንዱን ዙሪያውን ትዞረዋለህ፣ የሚቀር ሣር የለም ማለት ይቻላል።

አሁን ጥፋቴን ልጻፍ። ጠዋት ጤዛ ነበር። ልቤ ቸኮለ። በ11 ዲግሪዋ ኮረብታ ወደ ታች ስወርድ ወደ ግርጌው ሳልደርስ ሁለቱንም እጀታ ሳብኩ። ጎማዎቹ ቆሙ፣ ማሽኑ ግን ቀጠለ። ሦስት ሜትር ያህል እንደ በረዶ መንሸራተቻ ሄጄ የአጥር ቋሚ ላይ ተሰካሁ። ቀስቱ ተነሥቶ፣ ቀበቶዬ ታስሮ ነበር። ምንም አልሆንኩም። ቋሚው ተሰበረ። ልኬቱን ራሴ የወሰድኩ ሰው ነኝ እኮ! 11 ዲግሪ ከ15 በታች ነው ብዬ ተዘናጋሁ። ያ ቁጥር ግን የደረቅ መሬት ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ኮረብታዋ የምትታጨደው ከቀትር በኋላ፣ በመጨረሻ፣ ቀስ ተብሎ ነው። ቋሚውን ከኪሴ ቀየርኩ።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

አጨዳው ወጣ ገባ አለ። በቀኝ በኩል ሣሩ አጠር ብሎ ደረጃ ይሠራል። ዴክ ተጣሟል ብዬ ማስተካከያውን ልፈታ ስል የጋራዡ ልጅ በስልክ «መጀመሪያ ጎማ ለካ» አለኝ። የቀኙ የኋላ ጎማ ንፋስ 9 ፒኤስአይ፣ የግራው 13። ነፋሁት፣ ተስተካከለ። ቁልፍ ሳላነሣ።

ልጆች ትምህርት ጨርሰው ከእናቶቻቸው ጋር መጥተው ነበር። «ጋሼ፣ አሳፍረን!» ይላሉ። አይሆንም። የቢላው ጫፍ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል፤ ጠጠር ቢያገኝ እንደ ጥይት ይተኩሳል። ገና ሳያቸው ቢላውን አጠፋሁ። አንዱ አኩርፎ ሄደ። ያኩርፍ።

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

የጎርፍ ማጠራቀሚያውን ዳር ወጣቶቹ በእጅ በሚያዘው መቁረጫ ጨረሱት፤ አራት ሰው፣ ሁለት ሰዓት። ቁጥቋጦ እንዳይበቅልበት በዓመት ሁለቴ እንዲህ ይደረጋል። ቆጣሪው 39.2 ይላል።

ሞተሩን ላጠፋ ስል ሁለት እናቶች በሜዳው ቀስ እያሉ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል። «የእኔ ልጅ፣ ሁሉንም ጨረስከው?» አሉኝ። ደንግጬ ምን አጠፋሁ ብዬ ወረድኩ። እሑድ ጰራቅሊጦስ ነው። ለአዳራሹ የሚጎዘጎዝ ለምለም ሣር ፈልገው ነው የመጡት። ከሱቅ የሚገዛው ደርቆ ነው የሚደርሰው አሉ።

ከጫካው ጥግ፣ መድኃኒት ያልተረጨበት፣ ማሽኑ ያልደረሰበት አንድ ሰቅ አለ። ወገብ ይደርሳል። አሳየኋቸው። አንደኛዋ አጎንብሰው በእጃቸው ዳሰሱት፤ «ይህንንማ እንዳትነካብን» አሉ። አራት የእንጨት ካስማ ተከልኩና ገመድ አሰርኩበት። እሑድ ከቅዳሴ በፊት በማጭድ ይወስዱታል። ማጭዱን ከየት እንዳመጡት አልጠየቅሁም።